ለጳጉሜን ስድስት ስለተተከለው የግራር ሜዳ ገበያ

ለወይናምባ ወረዳ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ
ለክቡር አቶ ምንዋጋው
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በጉባኤው መዝጊያ ዕለት በእርጥብ እጅ ስለጸደቀልን ገበያ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር አፈ ጉባኤ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤንነትዎን እጠይቃለሁ። እንደምን ከርመዋል? ቤተሰብዎ፣ ከብትዎ፣ የአዳራሹ ጣሪያ፣ ከጣሪያውም በታች ያለው ከፍ ያለ ወንበርዎ፣ ሁሉም ደኅና ነው? በተለይ ደግሞ ሆድዎ እንዴት ነው? ይህን የምጠይቀው ለወግ ያህል አይደለም። በሐምሌ አምስት፣ የጾመ ሐዋርያት ፍቺ ዕለት፣ ያን ሁሉ አጀንዳና ያን ሁሉ የፍየል ጥብስ በአንድ ቁጭታ ሲያወራርዱ በዓይኔ ስላየሁ፣ ከሁለቱ አንዱ ሳይፈጭ ቀርቶ እንቅልፍ እንዳይነሳዎ ሰግቼ ነው። እኛ የግራር ሜዳ ሰዎች እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ደኅና ያልሆንንበትን ጉዳይ፣ የምክር ቤትዎን አሠራር ለማክበር ስል፣ ከሁሉ መጨረሻ አቀርበዋለሁ።

እኔ መሪጌታ አሥራተ ማርያም እባላለሁ። በግራር ሜዳ ቤተ ክርስቲያን ዜማ አስተምራለሁ፤ ደብዳቤ በማስረዘም በወረዳው የሚተካከለኝ የለም ይባላል፣ እኔም አላስተባብልም። ምናልባት መልኬን ከረሱት፣ በመዝጊያው ዕለት ከታዛቢዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ነጭ ጥምጥሜን አድርጌ የተቀመጥኩት፣ በየመሃሉ ከማሳል በቀር ምንም ያልተናገርኩት ሰው እኔ ነኝ። ሳሉ የጉንፋን አልነበረም።

ይህ ደብዳቤ ግልጽ ስለሆነ ከእርስዎ ሌላ የሚያነበው ይኖራልና ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። እርስዎም ቢሆኑ ሲያጸድቁት የሰሙት ስላልመሰለኝ አብረው ቢያነቡት አይጎዱም። ግራር ሜዳ ከወረዳው ከተማ ማዶ ናት፤ በመካከላችን ወንዝ አለ። ያለን ገበያ በከተማው ቅዳሜ ቅዳሜ የሚውለው ትልቁ ገበያ ብቻ ነው። በበጋ መንገዱ ሩቅ ነው፤ በክረምት ደግሞ ወንዙ ይሞላል። ዶሮ ሲጮህ ፍየሏን ይዛ የወጣች ሴት ውኃው እስኪጎድል ከዳር ተቀምጣ ትጠብቃለች፤ ተሻግራ ስትደርስ ገበያው ተበትኖ ይጠብቃታል፤ ከዚያ ወይ ነጋዴው በወደደው ዋጋ ትሸጣለች፣ ወይ ፍየሏን ወደ ቤቷ ትመልሳለች። ጎረቤታችን ወይዘሮ ባንቺ ባለፈው ክረምት አንድ ቅል ማር ወንዙ ወሰደባት፤ ቅሉም ሳይሰበር እስከ ተከዜ ወርዷል የሚል ወሬ ደርሶናል። እንግዲህ ከግራር ሜዳ ዕቃ በሰላም ሩቅ አገር የደረሰ እሱ ብቻ ነው።

ስለዚህ የለመንነው አንድ ነገር ነው። ከመንደራችን መካከል ካለው ትልቅ ግራር ሥር፣ ማክሰኞ ማክሰኞ የሚውል ገበያ ይተከልልን አልን። መንገድ አልጠየቅንም፤ ድልድይ ጠይቀን ስለምናውቅ ዳግመኛ አናስቸግርም ብለን ነው። ገበያ ለመትከልና ቀኑን ለመወሰን ሥልጣኑ የምክር ቤቱ ስለሆነ የእናንተን እጅ ማውጣት ብቻ ነበር የምንጠብቀው።

የነገሩ ባለቤት ግን እኔ አይደለሁም፤ ልጄ ሰገነት ናት። ሰገነት ትምህርቷን ጨርሳ ከተመለሰች ወዲህ ሁለት ፍየል አደለበች፤ ከግራሩ ጥግ ሻይና ዳቦ ልትሸጥበት ያሰበችውን ዳስ ቦታውን በድንጋይ ከለለች፤ ከዚያም ከእናቷና ከእኔ ፊት ቆማ ቁርጡን ነገረችን። ገበያው እስከ መስከረም ከተተከለ እዚሁ ትቀራለች፤ ካልተተከለ ግን ጓደኛዋ አገኘሁሽ በሄደችበት፣ በጅቡቲ በኩል፣ ዓረብ አገር ትሄዳለች። የአገኘሁሽ እናት ስልክ በጮኸ ቁጥር እንዲያነሣላት ጎረቤት ትጠራለች፤ ከዚህ በላይ ስለዚያ መንገድ አልጽፍም። በአዳራሽዎ የቀረበው ጉዳይ በወረቀት ላይ ገበያ ይባል እንጂ፣ በእኔ ቤት ሰገነት ትቀራለች ወይስ ትሄዳለች የሚል ነበር።

ይህን ካስረዳሁ በኋላ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ አጀንዳ ስለሚያደላድሉበት ጥበብ አመሰግናለሁ። የገበያችን ጉዳይ ለምክር ቤቱ ከቀረበ ብዙ ጉባኤ አልፏል። በየጉባኤው የመጨረሻው አጀንዳ ሆኖ ይያዛል፤ በየጉባኤው መጨረሻ ፀሐይ ታዘቀዝቃለች፤ እርስዎም በዚያ በለሰለሰ ድምፅዎ ጊዜው ስለገፋ ለሚቀጥለው ይደር ይላሉ። ከማደሩ ብዛት የተነሣ አጀንዳችን የምክር ቤቱ አባል የሚመስላቸው አዳዲስ ተመራጮች እንዳሉ ሰምቻለሁ። ዘንድሮም ጉባኤው ሲከፈት የመጀመሪያው ቀን በሙሉ የእንኳን ደኅና መጣችሁ ንግግር ተደረገ፤ ለንግግሩም የምስጋና ንግግር ተደረገለት። በሁለተኛው ቀን የአዳራሹ መጋረጃ ሰማያዊ ይሁን ወይስ ቡናማ በሚለው ላይ ጥልቅ ውይይት ተካሂዶ፣ አዳራሹ ያለው መስኮት አንድ ብቻ መሆኑ ሲደረስበት ኮሚቴ ተቋቋመ። በሦስተኛው ቀን ኮሚቴው መስኮቱን ጎበኘ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የዓመቱ በጀት፣ የጤና ጣቢያው መድኃኒት፣ ባለቤት የሌላቸው ውሾች መመሪያና የእኛ ገበያ ለመዝጊያው ከሰዓት በኋላ ተቀጥረው እንደ ወፍጮ ቤት ተራ ጠባቂ ተደርድረው ይጠብቁ ነበር። ከባዱን ሥራ ሁሉ ለመጨረሻዋ ሰዓት ማቆየት ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ከተማሪዎቼ አውቀዋለሁ። እነሱን ግን እቀጣቸዋለሁ።

ሁለተኛ፦ የመዝጊያውን ዕለት ስለመረጡበት ማስተዋል አመሰግናለሁ። ቀኑ የጾም ፍቺ ነው፤ ከጰራቅሊጦስ ማግስት ጀምሮ ሥጋ ያልቀመሰ አባል ሁሉ ልቡ ከአዳራሹ ውጭ ነው። ቀኑ ቅዳሜም ነው፤ ስለዚህ ያቺ የተጎበኘችው አንዲት መስኮት በትልቁ ገበያ በኩል ስለሆነች፣ ልቡ ጥብስ ወደሚጠበስበት ጓሮ ያልሄደው አባል ዓይኑ በመስኮት ይሄዳል። ጾመኛና ገበያተኛ ሆኖ የተቀመጠን ሰው የወረዳውን የዓመት በጀት ማስወሰን ከባድ ነው ብዬ አስብ ነበር። ለካ ከዚያ የቀለለ ነገር የለም። ሌላ ጊዜ ቀኑን ሙሉ የሚያከራክረው በጀት ሁለት ሰው ብቻ ተናግሮበት አለቀ፤ አንዱም የተናገረው ምሳ ስንት ሰዓት ነው ብሎ ነበር።

ሦስተኛ፦ ይህ ምስጋና ለእርስዎ ሳይሆን ለፍየሏ ነው። የመንደራችን ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ እነዚህ ሰዎች ሁልጊዜ እኛ ዘንድ ሲደርሱ ይደክማቸዋል፣ ዘንድሮ የመዝጊያውን ምሳ እኛ እናብላቸውና ብርታት ያግኙ ብለው ወሰኑ። ፍየል ሲፈለግ በመንደሩ የሰባች የተገኘችው የሰገነት ነበረች፤ ከሁለቱ አንዷ፣ ግንባሯ ነጭ የሆነችው። ሰገነት አላንገራገረችም፤ «ለገበያዬ ነው፣ ውሰዷት» አለች። ፍየሏም ወንዙን በሰው ትከሻ ተሻግራ ከአዳራሹ ጓሮ ታሰረች። ይህን ጉቦ ነው ብሎ የሚያማን ሰው እንዳለ ሰምተናል። ጉቦ ቢሆን ኖሮ በመክፈቻው ቀን ይመጣ ነበር፤ የእኛ ሰዎች ግን ከእናንተ ተምረው ይህንንም መጨረሻ ላይ አደረጉት። እንዲህ ሆኖ፣ ብርታት ትሰጣለች ያልናት ፍየል እኛ ዘንድ ሲደረስ የጥብሷን ሽታ በመስኮቱ ላከችና ያለንን ጥቂት ደቂቃ በላችብን። ስትኖር ቅጠል ብቻ ነበር የምትበላው።

አራተኛ፦ ስለ ክርክሩ አመሰግናለሁ፤ አጭር ቢሆንም ሳምንቱን በሙሉ የዳሰሰ ነበርና። መጀመሪያ የቀበሌያችን ተመራጭ አቶ ቢያዝን ተነሣ። ቢያዝን ልቡ ሲሞላ ካልሆነ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣንጋ መናገር አይወድም፤ በዚያ ቀን ልቡ ሞልቶ ነበር። እርስዎም ጊዜ ለመቆጠብ ሁለት ደቂቃ ፈቀዱለት፤ አንዱ ለንግግሩ፣ አንዱ ለትርጉሙ። ስለ ወንዙ ተናገረ፤ ከዳር ተቀምጠው ስለሚጠብቁት ሴቶች ተናገረ፤ ልጆቻችን አንድ በአንድ እየወጡ መንደሩ የሽማግሌ ብቻ ሊሆን ነው አለ። ይህ ሁሉ በአማርኛ ሲተረጎም «ማክሰኞ ይሁንልን ይላሉ» ሆኖ ወጣ። ሁለቱንም ቋንቋ ስለምሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳልሁት ያን ጊዜ ነው።

ቀጥሎ የተከበሩ አቶ እንግዳው ተነሡና ማክሰኞ የቀበሌያቸው ገበያ ስለሆነ ከእኛ ጋር ይጋጫል አሉ። ያን ገበያ አውቀዋለሁ፤ ሁለት ዶሮና አንድ አዛውንት የሚውሉበት ነው፣ አዛውንቱም የሚመጡት ለጨዋታ ነው። ሰኞ ይሁን ሲባል የቆላው ተመራጭ ሰኞ የእኛ ነው አለ። ረቡዕና ዓርብ ይሁን ሲባል፣ በጾም ቀን ፍየል ፊት ለፊት ማቆም ምእመንን መፈተን ነው ተባለ። ሐሙስ የእርስዎ የራስዎ የትውልድ ቀበሌ ገበያ ሆኖ ስለተገኘ ማንም ሳይነካው በክብር ታለፈ። እሑድን እኔ በሳል ተቃወምኩ። ቅዳሜ ደግሞ ለቅሷችን ራሱ ነው። በዚህ ሁኔታ ሳምንቱ አለቀ፤ ሳምንቱ ሲያልቅም ሽታው ገባ።

ያን ጊዜ ነው ከኋለኛው ረድፍ አንድ የደከመው ድምፅ፣ ከማንም ገበያ የማይጋጭ ቀን ከተፈለገ ጳጉሜን ስድስት አለላችሁ ያለው። ሰውየው ለቀልድ ይበለው ለቁም ነገር እስከ ዛሬ አልታወቀም። ጥቂቶች ሳቁ። እርስዎ ግን ፊትዎ በራ። እውነት ነው፣ ከአገር አገር ቢዞሩ ጳጉሜን ስድስት ቀን የሚውል ገበያ የለም፤ ማንም አይቀናቀነንም። በአራት ዓመት አንዴ መምጣቷ ትንሽ ጉድለት ቢሆንም፣ እርስዎ ዝርዝሩ በአፈጻጸም ይታያል ብለው ለድምፅ አቀረቡት።

አምስተኛ፦ ስለ ድምፅ አሰጣጡ የማመሰግንበት ቃል አጥሮኛል፤ እኔ ቃል አጥሮኝ አያውቅም። በዚያች ቅጽበት የክበቡ አስተናጋጅ ጥብሱ እንዳይቀዘቅዝ ብላ ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዛ በየረድፉ እጅ ማስታጠብ ጀምራ ነበር። እጁን የታጠበ ጨዋ ሰው ደግሞ ምግቡ እስኪቀርብ ምንም ላለመንካት ሁለት እጁን ወደ ላይ ይዞ ይቀመጣል፤ ከልጅነታችን የተማርነው ነው። እርስዎ ከመድረኩ ቀና ብለው የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ ሲሉ፣ እጁ ያልወጣ ሰው አልነበረም። እንዲያውም ሁለት ሁለት ነበር የወጣው። ሲቆጠር ድጋፉ የአባላቱን ቁጥር እጥፍ ሆነ፤ ይህንንም የሕዝቡ ፍላጎት ምን ያህል ከፍ እንዳለ ያሳያል ብለው አብራሩልን። ለሥርዓቱ ያህል የምትቃወሙስ አሉ፤ እጆቹ እንዳሉ ነበሩ። ድምፀ ተአቅቦስ አሉ፤ አሁንም እንዳሉ ነበሩ፤ ውኃው ብቻ ወደ ክርናቸው ይወርድ ነበር። ቢያዝን ቆሞ አይሆንም እያለ ይጮህ ነበር። ነገር ግን እሱም ተራው ደርሶት ሳሙና በሳሙና የሆኑ ሁለት እጆቹን ወደ ላይ ስለያዘ፣ ከሩቅ ላየው ሰው ከሁሉ ይልቅ የደገፈ ይመስል ነበር። ቃለ ጉባኤ ያዧም በሙሉ ድምፅ ጸደቀ ብላ ጻፈች። በዚያው አኳኋን፣ እጅ ሳይወርድ፣ የጤና ጣቢያው መድኃኒትና የውሾቹ መመሪያ አለፉ። ውሾቹ ከእኛ የተሻለ ቀን አግኝተዋል፤ የእነሱ መመሪያ ከነሐሴ ጀምሮ ይጸናል።

ከዚያ ተበላ። እኔም በላሁ፤ ጎድን ደረሰኝ። የጳጉሜኑ ነገር የረሃብ ጨዋታ ስለመሰለኝ ከምሳ በኋላ ይታረማል ብዬ ነበር። ከምሳ በኋላ ግን ጉባኤው ተዘግቶ፣ አባላቱ ግማሹ በገበያው ግማሹ በመንገዱ ተበትነው፣ እርስዎም ከመኪናዎ ጋቢና ሆነው እጅዎን ያወዛውዙልን ነበር። ያኔ ደርቆ ነበር።

ስድስተኛ፦ ይህ ቁጥር በምክር ቤቱ ውሳኔ መሠረት በአራት ዓመት አንዴ የሚመጣ ስለሆነ፣ ስድስተኛው ምስጋናዬ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ይቀርብልዎታል። እስከዚያው ይታገሡኝ።

ሰባተኛ፦ በቤቴ ስለሆነው። ወንዙን ተሻግሬ ከበሬ ስደርስ ባለቤቴ ትርፌ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ምን ተባለ ብትለኝ፣ ከአፌ መጀመሪያ የወጣው ቃል «ጸደቀ» የሚል ሆነ። የምላሴ ጥፋት ነው፤ ቀኑን ማስቀደም ነበረብኝ። ትርፌ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ጎረቤት ተቀበላት፤ ወይዘሮ ባንቺ ከማዶ መለሰች፤ ከቤተ ክርስቲያኑም አንዱ ተማሪዬ የሆነው ሳይገባው ከበሮ መታ። እልልታ እንደ ጉባኤ አይደለም፤ አንዴ ከተከፈተ የሚዘጋው አፈ ጉባኤ የለውም። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል ያላጨበጨበች ሰገነት ብቻ ነበረች። «ቀኑ መቼ ሆነ አባዬ?» አለችኝ።

ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፤ እናቷም አብራ ሳቀች፤ እኔም እንድትስቅ ፈልጌ ስለ እርጥቡ እጅ ጨመርኩላት። ከዚያ መሪጌታነቴን ላሳይ ብዬ፣ ማቴዎስ ሊወጣ ነው፣ ማርቆስ ዓመቱን ሙሉ ይቀመጣል፣ ከዚያ ሉቃስ ሲያልቅ ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች፣ ዕለቷም... እያልኩ በጣቶቼ መቁጠር ጀመርኩ። ገና በሁለተኛው ጣቴ ላይ ሳለሁ ሰገነት ስልኳን አውጥታ ጨረሰችው። «ቅዳሜ ነው» አለች።

አዎን ክቡርነትዎ። ከማንም ገበያ እንዳይጋጭ ተብሎ ሳምንቱ በሙሉ ከታለፈ በኋላ የተመረጠው የመጀመሪያው ጳጉሜን ስድስት የሚውለው ቅዳሜ፣ በትልቁ ገበያ ቀን ነው። ማንም ሰው ወደ እኛ አይመጣም፤ እኛም ራሳችን እንዳንቀር እሠጋለሁ።

እልልታው በየቤቱ ተራ በተራ ጠፋ። ሰገነት ድንጋይ ወደከለለችበት ግራር አንድ ጊዜ አየች፤ ከዚያ የቀረችውን ፍየል ልታበላ ወጣች።

በማግስቱ ሳይሆን በማግስቱ ማግስት፣ ምክንያቱም ወንዙ ሞልቶ ነበር፣ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጣሁ። በዚያም የተቀበሉኝ ጨዋ ሰዎች ወንበር ሰጥተው ነገሩን አስረዱኝ። ምክር ቤቱ የወሰነውን የሚለውጠው ምክር ቤቱ ብቻ ነው፤ ምክር ቤቱ እስከ ጥቅምት ዕረፍት ላይ ነው፤ ነገር ግን አፈ ጉባኤው ከፈለጉ አስቸኳይ ጉባኤ መጥራት ይችላሉ። ደስ ብሎኝ ተነሥቼ ልወጣ ስል፣ አስቸኳይ ጉባኤ ከተጠራ አይቀር የመጋረጃው ጉዳይም ስላልተቋጨ እሱ ይቅደምና የእናንተ በመጨረሻ ይያዛል ብለው አጽናኑኝ። እንደገና ተቀመጥኩ። ውኃም ጠየቅሁ።

እንግዲህ ከመጨረሻ ደርሻለሁና ልመናዬን ላቅርብ። አስቸኳይ ጉባኤውን ይጥሩልን፤ ሲጠሩም በጾመ ፍልሰታ ይሁን። ይህን የመረጥኩት ለቅድስናው ብቻ አይደለም። በፍልሰታ ጥብስ የለም፤ በመስኮቱ የሚገባው ነፋስ ብቻ ነው። በፍልሰታ ከቅዳሴ በፊት የሚበላ አባል አይገኝም፤ ስለዚህ ማንቆርቆሪያዋን የያዘችው እህታችን ከቤቷ ትቆያለች፤ የወጣው እጅ ሁሉ ደረቅ ይሆናል፤ ደረቅ እጅ ደግሞ የባለቤቱን ሐሳብ ይናገራል። ለአንድ ሰውም አንድ አንድ እጅ ብቻ ይቆጠርልን። ቢያዝን የፈለገውን ያህል በፈለገው ቋንቋ ይናገር፤ ትርጉሙን እኔ በነጻ እሠራለሁ፣ ካረዘምኩም ማንም አይገረምም። ከሁሉ በላይ ጉዳያችን የመጀመሪያው አጀንዳ ይሁን። እንኳን ደኅና መጣችሁ ከመባሉም በፊት ይሁን፤ ሰው ደኅና መምጣቱን ከውሳኔው በኋላ ቢሰማው አይቀየምም። ለአቶ እንግዳው ቀበሌ ገበያም መፍትሔ አለኝ፤ ሁለቱን ዶሮዎች እኛ እንገዛቸዋለን፣ አዛውንቱንም በክብር እናስተናግዳቸዋለን።

ክቡር ሆይ፣ እስካሁን የቀለድኩት ሌላ አቅም ስለሌለኝ ነው። አሁን አንዲት መስመር ሳልቀልድ ልጻፍ። ልጄ እንድትሄድብኝ አልፈልግም። ሌላ የማውቀው ነገር ሁሉ በዜማ ነው፤ ይህን ግን ዜማ አላገኘሁለትም። ሰገነት «ፍልሰታን ከእናቴ ጋር ልጹም፣ እንደተፈታ በሚውለው ቅዳሜ እሄዳለሁ» ብላለች። ስለዚህ የእናንተ የዕረፍት ጊዜ ለእኔ የቀረኝ ጊዜ ነው፤ እየቀነሰም ነው።

የምክር ቤቱን ወንበር እግዚአብሔር ያጽናልዎ፤ መጋረጃው በወደዱት ቀለም ይሰቀልልዎ፤ መስኮቱም ሁለተኛ ይውለድ። ዕረፍትዎ ጣፋጭ፣ ጣሪያዎ የማያፈስ፣ መጪው ጉባኤዎም ከመጀመሪያው የሚጀምር እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ደረቅ ሁለት እጆቼን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ጥምጥሜ መሬት እስኪነካ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የሁልጊዜ አክባሪዎ፣ በመጨረሻው ተራ ላይ የተቀመጠው፣
መሪጌታ አሥራተ ማርያም
ከግራር ሜዳ

ግልባጭ፦
ለተከበሩ አቶ ቢያዝን፣ እጃቸውን እንዲያደርቁ፤
ለመጋረጃ ኮሚቴው፣ ለመረጃ ያህል፤
ለግራር ሜዳው ግራር፣ ግንዱ ላይ ተለጥፎ ለሚያነበው ሁሉ።

በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ለአስቸኳይ ጉባኤው መዝጊያ ከእኛ ፍየል እንዳይጠብቁ አደራ። የሰገነት የቀረችው አንዷ ናት፤ እሷም የመንገድ ገንዘብ እንድትሆን ተለይታለች። እዚህ ገበያ ስለሌለ ልጄ በዚያ ቅዳሜ ፍየሏን እየነዳች ወንዙን ተሻግራ ወደ ትልቁ ገበያ ትሄዳለች፤ ወደ ጅቡቲው መንገድ የሚያወጣት የሰቆጣው መኪናም የሚነሣው ከዚያው ከገበያው ዳር ነው። ማክሰኞ ብላችሁልን ቢሆን ኖሮ ፍየሏን ከግራሩ ሥር ሸጣ ለእራት ቤቷ ትደርስ ነበር።